እንግዳው ከሄደ በኋላ ምን ይቀራል? ስለ ፎቶግራፍ ክበብ፣ ስለ ተጋባዥ ባለሙያና ስለ ምስል ቅንብር ትምህርት

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ የአንድ አነስተኛ የፎቶግራፍ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ሃያ ያህል አባላት አሉን፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፎቶ የሚያነሱት በእጅ ስልካቸው ነው። በየወሩ አንድ ባለሙያ እየጋበዝን ስለ ምስል ቅንብር፣ ማለትም በፎቶው ውስጥ ምን የት እንደሚቀመጥ፣ እንዲያስተምረን እናደርጋለን። አባላቱ በደስታ ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻም ይይዛሉ፤ በወሩ መጨረሻ የሚያመጡት ፎቶ ግን ከቀድሞው አይለይም። በዚያ ላይ አንዱ እንግዳ «የሦስትዮሹን ሕግ (ፎቶውን በሦስት በሦስት ከፍሎ ዋናውን ነገር ከመሐል ውጭ ማስቀመጥን) ሳታውቁ ካሜራ አትንኩ» ብሎን ሄደ፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «ሕግ የሚባል ነገር የለም፣ ዓይናችሁ የወደደውን አንሱ» አለን። ማንን እንመን? እንግዶቹንስ እንዴት ብንጠቀምባቸው ይሻላል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ «ማንን እንመን?» ካሉት ልጀምር። ሁለቱንም እንግዶች አመስግኑና የሁለቱንም ምክር ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። የመጀመሪያው ጥያቄው ሳይነሳ መልሱን ሰጥቷችኋል። ሁለተኛው መልስ የለም ሲል ጥያቄውንም አብሮ አስቀርቶታል። ካሜራ ወደ ዓይኑ የሚያነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት «ይህ ፎቶ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ካልመጣለት የትኛውም ሕግ አያድነውም፤ ከመጣለት ግን ሕጎቹ የትኛው እንደሚጠቅመው ራሳቸው ይነግሩታል። ክበባችሁ በዚህ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ይማር ቢባል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

የሦስትዮሹ ሕግ አመጣጥ ራሱ ይህንን ያሳያል። ብዙዎች ከካሜራ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላቸዋል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ስለዚህ ሕግ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው፤ ፎቶግራፍ ለዓለም የታወጀው ደግሞ በ1839። ስሚዝ የተናገረው ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕሎች ነበር። ሰማይና ምድር፣ ብርሃንና ጥላ ሥዕሉን እኩል ሲካፈሉት ዓይን የቱን እንደሚከተል ግራ ይጋባል፤ ስለዚህ አንዱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ሌላው አንድ ሦስተኛውን ይያዝ አለ። ዛሬ በስልካችሁ መስታወት ላይ የምታዩአቸው መስመሮችና «ጉዳዩን መስመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ አስቀምጥ» የሚለው ምክር ከዚያ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ከሥሩ ስንይዘው ሕጉ የሚለን «ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥብህ ወስን» ነው። በሐይቃችሁ ዳር ቆሞ ሰማዩን ነው ወይስ ውኃውን ነው የምፈልገው ብሎ ያልወሰነ ሰው አድማሱን መሐል ላይ ይጥለዋል፤ የፎቶው ድካም የመነጨው ካለመወሰኑ ነው፤ መስመሩ ያንን አጋለጠው እንጂ ድካሙን አላመጣውም።

አንድ ምሳሌ ከደጃችሁ ልውሰድ። ጠዋት በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል ጀልባዎቹ ሲገቡ ሦስት አባሎቻችሁ አንድ ዓሣ አጥማጅ ፊት ቆሙ እንበል። የመጀመሪያዋን የማረካት የሰውየው ብቸኝነት ነው፤ ከዚያ ሰፊ ውኃ ላይ ብቻውን ውሎ አድሮ መመለሱ። እርሷ ወደ ኋላ ትራቅ፣ ሰውየውን አሳንሳ በፍሬሙ አንድ ዳር ታስቀምጠው፣ የቀረውን ለሐይቁ ትተው። ሁለተኛውን የሳበው የሰውየው እጅ ነው፤ መረብ ያሻከረው መዳፍ፣ ጥፍሩ ላይ የተጣበቀው የቆሮሶ ቅርፊት። እርሱ ሐይቁን ጨርሶ ይርሳው፤ ሁለት እርምጃ ተጠግቶ እጁን ፍሬሙ መሐል ያድርገው። ሦስተኛው ያየው ግርግሩን ነው፤ ዋጋ የሚከራከረው ገዢ፣ ቢላዋ የጨበጠው ልጅ፣ ትርፍራፊ የሚጠብቀው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ሲጋፋ። ለእርሱ ባዶ ቦታ ምንም አያደርግለትም፤ ፍሬሙን እስከ ጠርዙ ይሙላው፣ አድማሱንም ያስወጣው። ሦስቱም በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ሰው ፊት ቆመው ሦስት ቅንብር አገኙ፤ አንደኛዋ ብቻ ከሦስትዮሹ ሕግ ጋር ተስማማች። የቀሩት ሁለቱ ግን አልተሳሳቱም።

«ዋናውን ጉዳይ መሐል ማስቀመጥ የጀማሪ ሥራ ነው» የሚለውንም ከክበባችሁ አስወጡት። የማሊው ሴዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በባማኮ ስቱዲዮ ከፍቶ የከተማውን ሰው ሲያነሳ ደንበኞቹን ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ያቆም ወይም ያስቀምጥ ነበር። ከበስተጀርባ የአልጋ ልብሱን ጭምር እየሰቀለ፣ የጨርቁ አበባና የሴትዮዋ ቀሚስ አበባ እንዲነጋገሩ እያደረገ፣ ለአንድ ደንበኛ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫን ነበር፤ በ13 በ18 ሳንቲ ሜትር ኔጋቲቭ ላይ የሚሠራ ሰው እንደ እኛ አያባክንም። ከመጫኑ በፊት ግን አንገቷን፣ እጇን፣ የቀሚሷን አወዳደቅ ያስተካክላል። ቅንብሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ጻድቃኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲያዩን፣ ክፉዎቹ በጎን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ፤ ክብሩ የላቀው ከሌሎቹ ገዝፎ ይሣላል። እነዚያ ሠዓሊዎች ስለ ምን እንደሚሥሉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና የእያንዳንዱ ሰው ቦታና መጠን ከዚያ ይወጣል። አባሎቻችሁ በየትኛውም እምነት ውስጥ ይሁኑ፣ ከእነዚህ ግድግዳዎች ፊት ቆሞ አንድ ሰዓት ማሳለፍ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። አባሎቻችሁ ማስታወሻ እየያዙ ፎቷቸው ያልተለወጠው ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ንግግር ሰምቶ ዋና የተማረ ሰው የለም፤ ቅንብርም የዚያው ዓይነት ሙያ ነው፤ በአካል፣ በእግር፣ በጉልበት የሚሠራ። ተጋባዥ ባለሙያ ሲመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው በዓመታት ውስጥ ያጠራቀማቸውን ምርጥ ሥራዎች ነው። ያምራሉ፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። አባሉ ግን ያየው ውጤቱን ብቻ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የት ቆሞ ነበር? ለምን ወደ ግራ ሄደ? የትኛውን ፎቶ ጣለ? የጣለው ምን ጎድሎት ነው? ትምህርቱ ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው፣ እነዚህ ደግሞ በምርጥ ሥራዎች ስብስብ ውስጥ አይታዩም።

ስለዚህ ከእንግዶቻችሁ የምትጠይቁትን ነገር ለውጡ። ሠላሳ ምርጥ ፎቶ ከማምጣት ይልቅ አንድ ፎቶ ከነታላላቆቹና ከነታናናሾቹ ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት፤ ማለትም ከዚያ ፎቶ በፊትና በኋላ በዚያው ቦታ ያነሳቸውን ሁሉ፣ የደበዘዘውን፣ የተጋደመውን፣ ሰው ያለፈበትን ሳይመርጥ፣ በተነሱበት ቅደም ተከተል። በፊልም ዘመን ይህ ቀላል ነበር፤ የአንድ ጥቅል ፊልም 36 ፍሬሞች በአንድ ወረቀት ላይ በትንሹ ታትመው ይታዩ ነበርና የፎቶ አንሺው እግር የሄደበት ሁሉ ይነበባል። ዛሬ ያ ወረቀት የለም፤ በካሜራው ካርድ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። መልካም ባለሙያ ይህንን ሲጠየቅ መጀመሪያ ያመነታል፤ ያልተሳካ ሥራውን ለማያውቀው ሰው ማሳየት ቀላል አይደለም። በደብዳቤያችሁ ላይ ምክንያቱን አስረዱት። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅማችሁ ስጦታ የለውም።

የታላላቆቹ ሥራ እንኳ ካሜራውን አንድ ጊዜ በመጫን ብቻ አልቆ የተገኘ አይደለም። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየ-ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 በፓሪስ ከሴንት ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳው ፎቶ በየትምህርት ቤቱ ይታያል፤ አንድ ሰው በተኛ ውኃ ላይ ዘልሎ ተረከዙ ውኃውን ሊነካ ሲል፣ ከኋላው በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ውስጥ ሌላ ዘላይ ይታያል። ፎቶውን ያነሳው በአጥር ጣውላዎች ክፍተት በኩል ነበር፤ ጣውላው የፍሬሙን ግራ ጎን ስለሸፈነው ሲያትመው ቆርጦ አወጣው። ፎቶ መቁረጥን ባለመውደዱ የሚታወቅ ሰው ነው ይህን ያደረገው። ይህንን ታሪክ ለአባሎቻችሁ ብትነግሯቸው ስለ መቁረጥ ያለባቸው ፍርሃት ይቀልላል፤ ጠርዝን የሚወስኑት ሁለት ጊዜ መሆኑን ያያሉ፤ አንዴ ቆመው፣ አንዴ ተቀምጠው።

ስለ እንግዶቹ ብዛት ሐሳቤን ያለ ማለሳለስ ልንገርዎት። በየወሩ እንግዳ መጋበዝ አቁሙ። በዓመት ሦስት ወይም አራት ይበቃል። በየወሩ አዲስ ድምፅ የሚሰማ ክበብ የሰማውን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም፤ የአንዱ ምክር ሳይሞከር የሌላው ይመጣል፣ እርስዎ የገጠመዎትም ግራ መጋባት ከዚህ የመጣ ነው። እንግዳውን ደግሞ በሥራው መጀመሪያ ላይ አታምጡት፤ መሐል ላይ ይምጣ። አባላቱ አስቀድመው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሥሩ፣ ይቸገሩ፣ ይሰልቹ። ከዚያ እያንዳንዱ ሦስት ፎቶ ይምረጥና ለእንግዳው በቅድሚያ ይላክለት። ያኔ ባለሙያው የሚመጣው ጥያቄ ላላቸው ሰዎች ነው፤ የሚናገረውም በማያውቀው ሕዝብ ፊት ስለ ራሱ ሳይሆን ስላያቸው ስልሳ ፎቶዎች ይሆናል።

ከአዲስ አበባ የምትጋብዙት ከሆነ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በዋዜማው ምሽት ገብቶ ይደር። ይህ ለምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የጠዋቱ ብርሃን እንዳያመልጣችሁ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ስትወጣ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚጀምረው ለስላሳ፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ሁለት ሰዓት ያህል እንኳ አይቆይም። በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል፣ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። በዚያ ሰዓት በሜዳ ላይ የሰው ፊት ለማንሳት መሞከር ትርፉ ድካም ነው፤ በረንዳ ሥር፣ የዛፍ ጥላ ዳርቻ፣ ወይም በር አጠገብ ግቡ።

ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ መሆኑም የቅንብር ትምህርት ነው፤ ይህንን የሚያውቀው እንግዳው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ጠዋት ዳርቻው ላይ ቆማችሁ ወደ ውኃው ብትመለከቱ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት በርቶ ይታያል፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ ቅርጹ ግን ይሟሽሻል። ዓሣ አጥማጁን ከውኃው በኩል ወይም በጎን ሆናችሁ ብታዩት ግን ብርሃኑ ከጎኑ ወይም ከኋላው ይመጣና የመረቡ ክር አንድ በአንድ ያበራል፣ የሰውየው ትከሻ ከጥላው ይለያል። ማታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይዋ በሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ወደ ውኃው የሚያይ ካሜራ የሰውን ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሰጣል። በስልክ የሚያነሱት አባላት ፊት እንዲታይ ከፈለጉ ጣታቸውን ፊቱ ላይ አሳርፈው ብርሃኑን ከፍ ያድርጉ፤ ጥቁር ቅርጹን ከፈለጉ ጣታቸውን ሰማዩ ላይ ያሳርፉ። ሁለቱም ይሆናል፣ ጉዳዩ ስለ ምን እንደሆነ እስከተወሰነ ድረስ። ከእንግዳው ጋር በዚያ ጠዋት ስትወጡ ሃያ ሆናችሁ አትክበቡት፤ ዓሣ አጥማጆቹም ሥራቸውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በተራ አብራችሁት ሂዱ፣ የቀሩት በሌላ ዳርቻ ይሥሩ። ስታነሱ ፈቃድ ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የታተመ ፎቶ ይዛችሁ ብትመለሱ ከዚያ በኋላ ማንም አያባርራችሁም።

ከሰዓት በኋላ የሚሆነው ግን ከጠዋቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ፎቶዎቹን በፕሮጀክተር አታሳዩ። በአቅራቢያችሁ ባለ ፎቶ ቤት 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሟቸውና በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ በመስኮት ብርሃን ዘርጓቸው። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፤ ከሁሉ በላይ ግን የታተመ ፎቶ ይገለበጣል፣ ከሌላው አጠገብ ይቀመጣል፣ በእጅ ይያዛል። ከወፍራም ካርቶን ሁለት ቀጥ ያለ ማዕዘን ያላቸው ቁርጥራጮች አዘጋጁ፤ ሁለቱን በማገጣጠም በፎቶው ላይ የሚጠብና የሚሰፋ ፍሬም ታገኛላችሁ። ከቀኝ ትንሽ ቢቆረጥስ? ሰማዩ ቢቀንስስ? በእጅ እየታየ ሲሆን ክርክሩ ይቀላል።

እዚህ ጋ አንድ የእኛ የሆነ ችግር አለ፤ ይሉኝታ። ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው ሥራ፣ ያውም በዕድሜ የሚበልጠንን፣ «ይህ ጎድሎታል» ማለት ይከብደናል። ስለዚህ ሁሉም «ያምራል» ይልና ይታለፋል፤ አንዱም አይማርም። መጠንከር አያስፈልግም፤ አሠራሩን መቀየር ብቻ ይበቃል። ከፎቶው ጀርባ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፣ ስም አይጻፍ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ሄደ?» ይሁን፤ ይህ ፍርድ አይደለምና ማንንም አያስቀይምም፣ ሁሉም ሰው ጣቱን አንስቶ ሊያሳይ ይችላል። ቀጥሎ «ከዚያስ ወዴት ሄደ? የትስ ተያዘ?» በመጨረሻ «ይህ ፎቶ ስለ ምን ይመስላችኋል?» እስከዚህ ድረስ ያነሳው ሰው አንድም ቃል አይናገር። ከዚያ ምን ፈልጎ እንደነበረ ይንገራቸው። እርሱ «ስለ እናቴ ድካም ነው» ሲል፣ አሥራ ሁለት ሰው ደግሞ ከኋላ ያለውን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ካሳየ፣ ማንም ምንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የሰው ዓይን ወደ ብሩህ ቦታ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጽሑፍና ወደ ደማቅ ቀለም ይሮጣል፤ ያ ወንበር በፍሬሙ ዳር ከእናትየው ፊት ይልቅ ያበራ ነበር። ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ ወንበሩን ያነሳዋል ወይም ራሱ አንድ እርምጃ ይሄዳል።

እንግዳው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉም በኋላ ይናገር። አስቀድሞ ከተናገረ ክብሩን ስለምንጠብቅ ሁላችንም የእርሱን ቃል ደግመን እንላለን፣ የራሳችንን ዓይን እንተዋለን። መጨረሻ ላይ ሲናገር ግን ሃያ ሰው ያየውን ሰምቷል፤ የሚጨምረው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ስለ ካሜራ ዓይነትና ስለ ሌንስ ዋጋ የሚነሳውን ጥያቄ ለሻይ ሰዓት አስተላልፉት፤ ጠረጴዛው ላይ ከተፈቀደ ቀኑን ይበላዋል።

ማንን እንጋብዝ ለሚለው፣ ስመ ጥር ሰው ብቻ አትፈልጉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጋብዙ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የእርሱን ሥራ የሚያሳዩ ፎቶዎች ይይ፤ «ይህ ሰው መረብ እየጣለ አይደለም፣ እየሰበሰበ ነው»፣ «ዋናው ነገር ይህ ካለፈ በኋላ ነው የሚሆነው» ይላችኋል። የሚቀጥለውን ጠዋት ምን ሰዓት የት መቆም እንዳለባችሁ ከእርሱ የተሻለ የሚያስተምራችሁ የለም። በከተማችሁ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸውን አንድ አዛውንት ጋብዟቸው፤ ሰውን አስቀምጦ፣ ትከሻውን አዙሮ፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማንሳት ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺው ከአርመናዊው ከቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ በአገራችን የኖረ ሙያ ነው፣ በስልክ ዘመን ግን እየተረሳ ነው። ሠዓሊ ጋብዙ፤ ሠዓሊ ባዶ ሸራ ላይ እያንዳንዱን ነገር ራሱ ስለሚያስገባ «ይህ ለምን ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ፎቶ አንሺ ግን «ምን ላውጣ?» ማለትን ይረሳል። የሠርግ ፎቶ አንሺም አትናቁ፤ በጠባብ ክፍል፣ በተዘበራረቀ ዳራ፣ ሰው እየገፋው በደቂቃዎች ውስጥ ፍሬም መሥራት የሚያውቅ ሰው ነው።

የዜና ፎቶግራፍ ባለሙያ ካገኛችሁ ስለ ጀብዱ አትጠይቁት፤ ስለ አቋቋሙ ጠይቁት። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በወደቀበት ስፍራ ያነሳት፣ በሐዘን አፈር በፊቷ ላይ የምትነሰንስ ሴት ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ከታጩት አንዱ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ማንም «እባክዎ ትንሽ ዞር ይበሉ» አይልም፤ ፎቶ አንሺው የሚያንቀሳቅሰው የራሱን እግር ብቻ ነው። በሌላ ወገን የአዲስ ፎቶ ፌስት መሥራች አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 በአፋር ዳሎል የሠራቻቸው ስለ ውኃ የሚናገሩ ፎቶዎች አሉ፤ ቀለሙ፣ ልብሱ፣ የሴቶቹ አቋቋም ሁሉ ከመጫኑ በፊት የታሰበና የተዘጋጀ ነው። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አሳዩአቸው። አንዱ ዓለምን እንዳገኘ ይቀበላል፣ ሌላዋ ዓለምን ራሷ ትገነባለች፤ «ሕግ አለ ወይስ የለም» የሚለው ክርክራችሁ በሁለቱ ፊት ትንሽ ይሆናል።

እንግዳ በማይኖርባቸው ወራት ምን እንሥራ ካላችሁ፣ ብዙ ነገር አትደራርቡ። አንድ ወር ጠርዝ ብቻ፤ ከመጫናችሁ በፊት ዓይናችሁ የፍሬሙን አራት ዳር አንድ ጊዜ ይዙር፣ የተቆረጠ እግር፣ ከራስ ላይ የበቀለ ምሰሶ፣ ግማሽ ባጃጅ እንዳለ ይይ። ሌላ ወር ርቀት ብቻ፤ አንድን ሰው ከአንድ ሜትር፣ ከሦስት ሜትር፣ ከአሥር ሜትር አንሱትና ሦስቱን አስተያዩ። የስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ነው፤ በተለመደው የፊልም ካሜራ ልኬት 24 ወይም 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ፊት ለመሙላት በጣም ስትጠጉ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ፊቱን ያዛባው ቅርበታችሁ ነው፤ ሌንሱን አትውቀሱት። ትንሽ ራቅ ብሎ አንስቶ ኋላ መቁረጥ ለፊት ይሻላል፤ ለግርግርና ለእጅ ሥራ ግን መጠጋት። በሦስተኛው ወር ደግሞ ሁሉንም ነገር መሐል ላይ ብቻ አንሱ። ይህ ልምምድ አባላቱን ያስገርማቸዋል፤ መሐል ሲታገድባቸው የኖሩ ሰዎች መሐል ላይ ፎቶ እንዲቆም ምን ያህል ሥርዓት እንደሚጠይቅ ያያሉ።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ፦ የእንግዶቹ ቁጥር ከአሥራ ሁለት ወደ አራት ሲወርድ ለእያንዳንዱ ትራንስፖርት፣ መኝታና የተከበረ አበል ለመክፈል መዋጯችሁ ይበቃ ይሆናል። ባለሙያን በነጻ ማስመጣት ልማድ አይሁን። ከከተማው የምትጋብዟቸው ዓሣ አጥማጁና የፎቶ ቤቱ አዛውንትም እኩል ይከፈላቸው፤ ጊዜያቸውን ነው የሚሰጧችሁ።

ለሚቀጥለው እንግዳ የምትልኩት ደብዳቤ ላይ ከሰላምታው በታች እነዚህን አስገቡ፦ ከሥራዎ አንድ ፎቶ፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ ካነሷቸው ሁሉ ጋር ይዘው ይምጡልን። የእኛን ስልሳ ፎቶዎች ከሁለት ሳምንት በፊት እንልክልዎታለን፤ ከእነዚህ ውስጥ ደግመው ሊያዩአቸው የፈለጓቸውን አሥሩን ይምረጡ። ዋዜማው ምሽት ሐዋሳ እንዲገቡ እንጠይቃለን፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል እንገናኛለን፣ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ እርስዎ የሚናገሩት እኛ ከተናገርን በኋላ ይሆናል። ይህን አንብቦ «እሺ» የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ፣ ከአንድ ወር በኋላ አባሎቻችሁ በዚያው ቦታ ያነሷቸውን አዲስ ፎቶዎች መልሳችሁ ላኩለት።